ጥርት ያለው መስመር

ሰዎች እትዬ ጆሮ የሚሏት ሴት አጥብቃ የምትጠላው ነገር ቢኖር የአየር ሞተሩን ጩኸት ነበር። ሰው ቢያስቀይማት ግድ የላትም፤ ልክ ልኩን ነግራው ያልፍላታል። ሞተር ግን ቢሰድቡት አይሰማ፣ ቢለምኑት አይገባው። ሥራ ከተጀመረ እስኪያልቅ በስልኩ እጀታ ውስጥ ገብቶ ዝዝዝ እያለ ጆሮዋን ሲበላው ይውላል።

ጆሮዋ ደግሞ እንጀራዋ ነው። የፋብሪካ የመሬት ውስጥ ታንከር ከሚያጸዱ ሰዎች ጋር ነው የምትሠራው። አንዱ ጭምብል አጥልቆ ይገባል፤ ሞተሩ ከላይ በረጅም ቱቦ አየር ይነፋለታል፤ እሱም የራስ ቁሩ ላይ የተሰካውን የስልክ ሽቦ ከኋላው እየጎተተ ጨለማው ውስጥ ይጠፋል። እሷ የታንከሩ አፍ አጠገብ ወንበሯን ዘርግታ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትቀመጣለች። ዝቃጭ የሚፍቅ ሰው አያወራም። ይተነፍሳል እንጂ። በጭምብሉ ውስጥ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ሲል እሷ ትሰማለች። ሲፈጥን "አሳርፉት" ትላለች፤ ሲከብድ "አውጡት" ትላለች። እስካሁን አውጡት ያለችውን ሰው ሳያወጡ የቀሩበት ቀን የለም።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ ቁጭ ብለው ጆሮዎን እያከራዩ ነው የሚበሉት" ይላታል ዶዘር፣ ያ ግንብ የሚያህል የልጇ የሥራ ባልደረባ።

"አንተስ ምንህን ታከራያለህ? ጭንቅላትህን እንዳልል ባዶ ቤት ነው፤ ተከራይ ገብቶበት አያውቅም።"

ሳቅ ይሆናል። በአንድ ነገር ግን ማንም አይቀልድም፤ በሕጓ። ሕጉን አለቃው አላወጣውም፣ እሷ ናት ያወጣችው፤ ያወጣችውም ባሏን ቀብራ ስትመለስ ነው። ያኔ አንድ ሠራተኛ ገብቶ ዝም አለ። ባሏ "ወንድሜን እዚያ ትቼማ አልቆምም" ብሎ ሁለተኛውን ቱቦና ጭምብል ነጥቆ ተከተለው። የአየር ሞተሩ መሳቢያ አጠገብ የቆመ መኪና ጭሱን ሲተፋበት እንደነበር ያወቁት ሁለቱን አጋድመው ካወጧቸው በኋላ ነው። የሚያድነው አየር ራሱ ነበር የገደላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉ ይሄ ነው፦ ትንፋሽ ካልተሰማ ማንም አይገባም። የገባው መተንፈስ ካቆመ አየሩ አይታመንም፤ ተከትሎት የሚገባውም ሌላ ሬሳ ነው። አየራቸውን በጀርባቸው ያዘሉት የእሳት አደጋ ሰዎች እስኪመጡ መጠበቅ ነው። ትንፋሽ ከተሰማ ግን አየሩ ደህና ነው፤ ሮጦ መግባት ነው።

አሁን ታንከር ውስጥ የሚገባው የእሷው ልጅ ነው። ሌላ ሥራ ፈልግ ብላ ለምና፣ ተቆጥታ፣ አኩርፋ አልሆነላትም። "አንቺ እየሰማሽኝ ምን እሆናለሁ?" ነው መልሱ። በዚህ ቃል አፏን ያሲዛታል። ሌላ ማንም አፏን አስይዟት አያውቅም።

ስልኩን የሠራችው ምራቷ ናት። ድሮ የነበራቸው የተገዛ መሣሪያ ተበላሸና የሸጠላቸው ድርጅት ደብዛው ጠፋ። ምራቷ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም የምትጽፍ ሰው ናት፤ ከአሮጌ ኮምፒውተርና ከኢንተርኔት ካወረደችው ሶፍትዌር ስልክ አበጀችላቸው፤ ኮምፒውተሩ የሥራው መኪና ውስጥ ተቀምጦ የታቹን ድምፅ ወደ ላይ፣ የላዩን ወደ ታች ያመላልሳል። እትዬ ጆሮ ያን ጊዜ ዙሪያውን እየዞረች እንደ በግ ገበያተኛ መረመረችው።

"ማነው ባለቤቱ?"

"አንድ ባለቤት የለውም፣ እማማ። ዓለም ላይ የተበተኑ ሰዎች ናቸው የጻፉት። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል።"

"በነጻ?"

"በነጻ።"

"ታዲያ ሲበላሽ ማንን ነው የምሰድበው?"

"እኔን።"

"አንቺንማ ሳይበላሽም እሰድብሻለሁ።"

ስልኩ ግን አልተበላሸም። የሚያነጫንጫት ያው የሞተሩ ዝዝዝ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ የምራቷ ጥፋት አደረገችው። ምሳ ላይ ታነሳዋለች፣ ልብስ ሲታጠብ ታነሳዋለች። "ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ አንድ ጩኸት ማጥፋት ካቃተሽ ምኑን ተማርሽው?" አለቻት አንድ ቀን፣ ሰው ፊት። ምራቷ ቀላች። ኢንተርኔት ላይ ገብታ ፈለገች፤ አንድ የማታውቀው ሰው ጽፎ ለሁሉም የለቀቀው ማጣሪያ አገኘች። የሰው ንግግርን ለይቶ ያሳልፋል፣ የቀረውን ጩኸት ሁሉ ይበላል። ቤታቸው ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስተው ሞከሩት። ልጇ አወራ፣ ዶዘር አወራ፣ አለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ ንግግር አደረገ። የሁሉም ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ ሞተሩ እንደሌለ ሆነ። ሁሉም ተደሰቱ።

ሁሉም ያወራ ነበር። ዝም ብሎ የሞከረው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ከአንድ አሮጌ የዘይት ፋብሪካ ጓሮ ታንከር ሊያጸዱ ሄዱ። ታንከሩ ከመሬት በታች በብረት ግድግዳ ተከፋፍሏል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚታለፈው ተጎንብሶ በጠባብ ቀዳዳ ነው። በገመድ አስሮ መጎተት የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም፤ ገመዱ ቀዳዳው ላይ ይያዛል። ምራቷ አዲሱ ነገር እንዴት እንደሚውል ለማየት አብራ መጥታ መኪናው ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ልጇ ጭምብሉን አጠለቀ፣ መፋቂያውን ያዘ፣ ወረደ።

"እማዬ፣ ይሰማል?"

"ዜና የሚያነብ ሰው ነው የመሰልከኝ!" እትዬ ጆሮ ሳቀች። ወደ መኪናው ዞራም "ዛሬስ እጅሽ ይባረክ" አለች ጮክ ብላ። ምራቷ በመስኮቱ ብቅ ብላ ፈገግ አለች። ከሠርጓ ወዲህ ከዚህች ሴት ምርቃት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

"መጨረሻው ክፍል ገባሁ" አለ ልጇ ትንሽ ቆይቶ። "እዚህ ያለው ግድግዳ ዝገት በልቶታል። እጀምራለሁ።"

"ጀምር፣ የኔ ጌታ።"

ከዚያ ዝም አለ። መስመሩም ዝም አለ። እትዬ ጆሮ ወንበሯ ላይ ተደላደለች። ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ በሥራ ቀን አግኝታ አታውቅም። እግሮቿን ዘረጋች። ከታች በታንከሩ አፍ አንድ ነገር ድብ ያለ መሰላት፤ ፋብሪካው ውስጥ የወደቀ ነገር ይሆናል ብላ አለፈችው። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ቅር አላት። ከቤት ወጥቶ መንገድ የጀመረ ሰው የረሳው ነገር ሳይገባው ኪሱን እንደሚዳብሰው፣ እሷም በጆሮዋ ወዲያ ወዲህ ትዳብስ ጀመር። እጀታውን አጥብቃ ያዘችው። ዓይኗን ጨፈነች።

ትንፋሹ የለም።

"አንተ ልጅ።"

ዝም።

"አንተ ልጅ! ስጠራህ አቤት በል!"

ምንም የለም። ሰው የሌለበት ቤት ጸጥታ እንኳ ዝንብ አያጣም፤ ይሄ ዝንብም የለበትም። እጀታው ጆሮዋ ላይ ድንጋይ ሆነ። ተነስታ ቆመች።

"አለቃ! ልጁ አይተነፍስም!"

አለቃው ሲሮጥ መጣ፣ ሽቦውን በእጁ እየተከተለ አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ቱቦውን ነካ። ሁሉም በቦታው ነው። "መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል!" አለ።

"አልተቋረጠም!" ምራቷ ከመኪናው ጮኸች። "መስመሩ አለ! ከላይ እስከ ታች ክፍት ነው!"

ተቋርጦ ቢሆን በተሻለ ነበር። የተቋረጠ መስመር ይቀጠላል። ክፍት መስመር ላይ ዝም ያለ ሰው ግን ምን ይባላል? አለቃው የእሳት አደጋን ቁጥር እየደወለ ፊቱ አመድ መሰለ። ዶዘር ሁለተኛውን ቱቦና ጭምብል አንስቶ ወደ ታንከሩ አፍ መጣ።

እትዬ ጆሮ ወንበሯን ጎትታ አፉ ላይ አደረገችውና ተቀመጠችበት።

"ይነሱልኝ፣ እትዬ።"

"አልነሳም።"

"ይነሱ እኮ ነው የምልዎት!"

"ትንፋሽ አልተሰማም። ማንም አይገባም።"

"ልጅሽ ነው እኮ!" አለ ዶዘር፣ እንባው እየመጣ። አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነው።

"ልጄ መሆኑን አንተ አትነግረኝም! ምጡን ያማጥሁት እኔ ነኝ። አንተንም አንዲት ሴት አምጣለች። እናትህ ዘንድ ሄጄ ምን ልበላት? ልጄን ሊያወጣ ገብቶ አብሮት ቀረ ልበላት? አንድ ጊዜ ሁለት ሬሳ ጎን ለጎን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። ማንም አይገባም ብያለሁ፣ ማንም አይገባም!"

ይህን ሁሉ ስትናገር እጀታው አፏ ላይ ነበር። የምትለውን ሁሉ የራስ ቁሩ ከታች ላለው ልጇ ያደርሰዋል፤ ይህን ግን ያን ሰዓት ማን ያስበዋል? የሠራችው ሕግ ዞሮ የራሷን ልጅ ጉሮሮ ያዘ፤ የያዘችው ደግሞ በገዛ እጇ ነው፣ መልቀቅም አልቻለችም።

"እማማ!" ምራቷ መኪናው ውስጥ ሆና ጮኸች። "እማማ፣ ቆዩ! ይሄን እዩ! አለቃ!"

አለቃው ሮጠ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስመሮች ይሮጣሉ። አንደኛው ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይዘላል። ሁለተኛው እንደ ተጋደመ ሰው ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

"የሚዘለው ከታች የሚመጣው ድምፅ ነው" አለች ምራቷ፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተጋጨ። "የተኛው ወደ እማማ ጆሮ የሚሄደው ነው። ድምፅ አለ! እየመጣ ነው! መሐል ላይ ማጣሪያው እየበላው ነው። ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ጩኸት ነው ብሎ ያጠፋዋል። ትንፋሽ… ትንፋሽ ንግግር አይደለም።"

እትዬ ጆሮ ከወንበሯ ሆና ሰማች። ጩኸቱን አጥፊልኝ ያለችው ማን ነበር? ምኑን ተማርሽው ያለችውስ? እንደ ጩቤ ነገር ደረቷ ውስጥ ገባ፤ ግን ለእሱ ጊዜ የለም።

"አጥፊዋ ታዲያ ማጣሪያውን!"

"ለማጥፋት ፕሮግራሙን ዘግቼ መክፈት አለብኝ፤ ያኔ መስመሩ ይቋረጣል። ተመልሶ የሚገናኘው እሱ ደረቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ነው።"

"መጫን ካልቻለስ?"



"እሺ፣ እየዘለለ ከሆነ ይተነፍሳል ማለት ነዋ!" አለ ዶዘር። "ልግባ!"

"የሞተሩ ጩኸት ቢሆንስ?" አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሞተሩ እንደሆነ ሬሳ አጠገብም ይጮኻል።"

ይህ ቃል የሁሉንም እጅና እግር አሰረ። ምራቷ ብቻ ጣቶቿን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ጣለች። "ሌላ ጆሮ እከፍታለሁ" አለች። "ከማጣሪያው በፊት። አለቆች የሠራተኛን ስልክ እንዲያዳምጡ ተብሎ የተሠራ መንገድ አለ፣ ኮዱ ውስጥ አይቼዋለሁ። እዚያ ላይ ብቀጥለው ያልተጣራውን ይሰጠኛል። ያን ለመጠባበቂያ የያዝነውን ሁለተኛ እጀታ ለእማማ ስጧቸው!"

ጻፈች። ኮምፒውተሩ ስህተት ነው አላት። አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። አሁንም ስህተት። አንዱን ፊደል ስትፈልግ ሌላውን ትመታለች። ታች ያለው ሰው ባሏ ነው።

እትዬ ጆሮ በመጀመሪያው እጀታ ልጇን ማውራት ጀመረች። ምን እንደምትለው አታውቅም፤ ዝም ካለች ግን ሁሉም ነገር የሚያልቅ መሰላት። "ትላንት ጫማህን በር ላይ ጥለህ ልወድቅ ነበር፣ ሰምተሃል? ትልቅ ሰው ነኝ ትላለህ፣ ጫማ ማንሳት አታውቅም። ሚስትህም ዝም ትልሃለች፣ አበላሽታሃለች። ወጥተህ ጫማህን ታነሳለህ። አንተ፣ ወጥተህ ታነሳለህ ነው የምልህ…" ከዚያ እጀታውን በእጇ ሸፍና ወደ መኪናው አንገቷን አዞረች። መኪናው ውስጥ ያለችው ሴት ስድብ የምትጠብቅ ትመስል ትከሻዋን ሰበሰበች።

"ቀስ ብለሽ፣ ልጄ" አለቻት። "ቀስ ብለሽ። አንቺ ካልቻልሽው ማንም አይችለውም።"

ምራቷ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። ጻፈች። "አሁን! እማማ፣ አሁን ይስሙ!"

እትዬ ጆሮ ሁለተኛውን እጀታ በግራ ጆሮዋ ለጠፈች። ዝዝዝዝ! ያ የተረገመ ሞተር ጭንቅላቷን ሞላው። በቀኝ ጆሮዋ ጥርት ያለ ሞት፣ በግራዋ ጩኸት። በሕይወቷ ለምንም ድምፅ እንዲህ ጓጉታ አታውቅም።

"ጸጥ በሉ!" አለች። ማንም የተናገረ አልነበረም።

ከሞተሩ ሥር ፈለገች። ትንፋሽ ገባ ወጣ ይል በነበረበት ቦታ ምንም የለም። ወርዳ ፈለገች። "ሞተሩን ለአፍታ ላጥፋው?" አለ አለቃው። "እሱን ስታጠፋ ልጄንም አብረህ ታጠፋለህ! ዞር በል!" ዓይኗን ጨፍና እንደገና ገባች፣ ከዝዝዝዙ በታች፣ ከዚያም በታች። አንድ ነገር ነካት። ሂህ። ሂህ። ሂህ። እንደ ደከመ ውሻ፣ አጭር፣ ከጉሮሮ የማያልፍ። የልጇ ነው? ራሷ ናት እንዴ የምትተነፍሰው? አፏን ገጠመች፣ ትንፋሿን ዋጠች። ሂህ። ሂህ። አሁንም አለ። ከሱ ጋር ደግሞ ብረት በብረት ላይ፦ ቋ። ቋ። ቋ።

"ከሰማኸኝ ሁለቴ ምታ፣ ከዚያ አቁም!"

ቋ፣ ቋ።

ጠበቀች። ሦስተኛ አልመጣም።

ወንበሩን በእግሯ መትታ ጣለችው። "ግባ! አንተ ዶዘር፣ ምን ትጠብቃለህ? ግባ!"

ዶዘር ጭምብሉን እያጠለቀ ነበር፤ ቃሉ ሳያልቅ ወረደ። እትዬ ጆሮ ሁለቱን እጀታ በሁለት ጆሮዋ እንደያዘች ቀረች። በግራዋ ያን አጭር ትንፋሽ ትቆጣጠራለች፤ አንዱ ሲዘገይ ልቧ አብሮ ይቆማል፣ ሲመጣ አብሮ ይነሳል። ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማች። አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ትንፋሹ ጠፋ። ጠፋ። ምራቷ ከመኪናው ወርዳ አጠገቧ ቆማለች፤ ፊቷን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በቀኝ ጆሮዋ፣ በዚያ ጥርት ባለው፣ የዶዘር ድምፅ በልጇ ስልክ በኩል ዜና አንባቢ መስሎ መጣ፦

"አግኝቼዋለሁ! የዛገው ግድግዳ ደረቱ ላይ ተኝቶበት ነው! አንስቼለታለሁ! ይዤው እየመጣሁ ነው!"

ልጇ ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጎድኑ ተሰብሯል፣ መፋቂያውን ግን ከእጁ አላስለቀቁትም። በእሱ ነው ግድግዳውን ሲመታ የነበረው። መሬት ላይ አጋደሙት። ምራቷ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችና ያለ ድምፅ አለቀሰች። እናቱ አላለቀሰችም፤ ጎንበስ ብላ አፉ አጠገብ ጆሮዋን አደረገች።

"ሁሉን ሰምቼሻለሁ" አለ በሹክሹክታ። "ስትጠሪኝ ስመታ ነበር። ማንም አይገባም ስትዪም ሰማሁ።"

"ብያለሁ።"

"እዚያ ሆኜ… ፈራሁ፣ እማዬ።"

"እኔስ?" አለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም። "እኔስ ምን የሆንኩ ይመስልሃል? ደግሞ ዛሬም ያው ነው የምለው። አሁን ዝም በል፣ ጎድንህን ታስጨንቃለህ። ጫማህን አልረሳሁትም።"

የእሳት አደጋ መኪና ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

ልጇ ጎድኑ እስኪጠገን ቤት በዋለባቸው ሳምንታት እትዬ ጆሮ ምራቷን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻት። "ያን ማጣሪያ ለጻፈው ሰው ጻፊለት።"

"ምን ብዬ?"

"ሰው ሲያወራ ብቻ አይደለም በሕይወት ያለው ብለሽ። ሹክሹክታም፣ ትንፋሽም፣ ብረት ሲመታም የሰው ድምፅ ነው ብለሽ። ይሄን ሳያውቅ ነው እንዴ ለዓለም ሁሉ የለቀቀው?"

"ነግሮን ነበር እኮ፣ እማማ። ለንግግር ብቻ ነው ብሎ ጽፎታል። እኔ ነኝ ያለ ቦታው ያስገባሁት።"

"አስገቢ ያልሁሽ እኔ ነኝ" አለች እትዬ ጆሮ፣ የሚመር ነገር እንደምትውጥ። "ለማንኛውም ጻፊ። ሌላ ሞኝ እናት እንዳለች ምን ታውቂያለሽ?"

ምራቷ ጻፈች፤ ማጣሪያውን ያለፈችበትን ያን የሁለተኛ ጆሮ ኮድም አብራ ሰደደችለት። መልሱ የመጣው ሁለቱም አገሩን ከማያውቁት ሰው ነው። ስለ ኮዱ ብዙ ጽፏል፤ ማስጠንቀቂያውንም ከፊት አደርገዋለሁ ብሏል። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ግን ስለ ኮድ አልነበረችም፦ ሰውየው ደህና ነው?

"አየሽ" አለች እትዬ ጆሮ። "ያሳደገው ሰው አለው።"

ልጇ ሥራ የተመለሰ ቀን እሷ ታንከሩ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ማጣሪያው የለም። ዝዝዝዙ ጆሮዋን እንደ ድሮው ይበላዋል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስትማረርበት ማንም ሰምቷት አያውቅም። ልጇ ተጎንብሶ ቀዳዳውን አለፈ፣ መፋቅ ጀመረ፣ ዝም አለ። ትንፋሹ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ይላል። ትሰማዋለች፣ በደንብ ትሰማዋለች፤ እጀታውን የያዘው እጇ ግን ላቡ አልደርቅ አለ።

"አንተ ልጅ።"

"አቤት፣ እማዬ? ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ተንፍስ።"